ለሙሽራዋ ያዘዝሁት የመዳብ ቅባት

በቀደም ትንሿ ልጄ ከሥራ ስትመለስ አውራ ጣት የምታህል ጠርሙስ ከቦርሳዋ አውጥታ ፊቴ አስቀመጠች። ፈሳሹ ውሃ ሰማያዊ ነው። ቆዳ ያድሳል፣ ቁስል ቶሎ ያሽራል፣ ፀጉርም ያበቅላል ይባላል አለችኝ። መነጽሬን አድርጌ ጽሑፉን ሳነብ "የመዳብ ፔፕታይድ" ይላል፤ መዳብ የተሸከመች በጣም ትንሽ የፕሮቲን ቁራጭ ማለት ነው። ፋርማሲስት አባት ስላላት ምክር ፈልጋ ነው። ለቆዳ ጥሩ ወሬ እንዳለው፣ ስለ ፀጉሩ ግን ገና ብዙ እንዳልተረጋገጠ ነገርኋትና "መጀመሪያ ክንድሽ ላይ ጠብ አድርገሽ ሞክሪው፤ ካቃጠለሽ ተይው" አልኋት። የመጨረሻዋን ቃል ስናገር ድምፄ ሳይጠነክር አልቀረም መሰል፣ ቀና ብላ አየችኝ።

"ምነው አባዬ? ተቆጣህ እኮ።"

ለምን እንደተቆጣሁ ነገርኋት። ለእሷ ከነገርሁ ደግሞ እናንተ ለምን ይቅርባችሁ?

ዘመኑ የደርግ ነው። ሃያ አራት ዓመቴ ነበር። ጎንደር፣ ከአዘዞ ወዲህ በነበረች አንዲት ትንሽ ክሊኒክ የላቦራቶሪ ረዳት ሆኜ ተቀጥሬያለሁ። ሥራዬ ሰገራና ሽንት መመርመር፣ የወባ ደም በማይክሮስኮፕ ማየት ነው። የሚናቅ ሥራ አይደለም፤ ሐኪም ግን አያሰኝም። እኔ ደግሞ ነጭ ጋውኔን ለብሼ፣ ደረት ኪሴ ላይ ሦስት እስክሪብቶ ሰክቼ ከተማ መሀል ማለፍ እወድ ነበር። ከሦስቱ ሁለቱ አይጽፉም። አምባ ጊዮርጊስ ያሉት ዘመዶቼ ገና በተቀጠርሁ ሳምንት "ዶክተር" ይሉኝ ጀመር። መጀመሪያ አፍሬ ዝም አልሁ። እየቆየ ሲሄድ ደስ እያለኝ ዝም አልሁ።

ላቦራቶሪያችን ውስጥ አንድ ሰማያዊ ፈሳሽ ነበር። ሽንት ጠብ አድርገን ስናሞቀው ስኳር ካለበት ቀለሙ ወደ ጡብ መልክ ይለወጣል። የሚሠራው ከመዳብ ጨው ነው። ጨው ስላችሁ ወጥ ውስጥ የሚገባው እንዳይመስላችሁ፤ እንደ ጠርሙስ ስባሪ የሚያብረቀርቅ ሰማያዊ ድንጋይ ነው፣ መርዝነትም አለው።

የክሊኒኩ ሐኪም ውጭ አገር የተማረ፣ ወሬ የማያበዛ፣ እጁ የገባውን የሕክምና መጽሔት ሁሉ ደጋግሞ የሚያነብ ሰው ነበር። አንድ ቀን ምሳ ላይ ያነበበውን አጫወተን። በሰው ደም ውስጥ መዳብ ይዛ የምትዞር በጣም ትንሽ ነገር አግኝተዋል፤ ያረጀ የጉበት ሕዋስ ላይ ሲያደርጓት እንደ ወጣት እንዲሠራ አደረገችው፤ ቁስል ለማዳንም ትረዳ እንደሆን ሊያዩ ነው አለን። ነገሩ ገና ጅምር መሆኑን፣ ብዙ ዓመት እንደሚፈጅ ጨምሮ ነግሮናል። እኔ ግን ከዚያ ሁሉ ይዤ የወጣሁት "መዳብ" እና "ወጣት" የሚሉትን ሁለት ቃላት ነው።

ጥምቀት ደረሰ። አክስቴ ብርቄ ልጇን የሺን ይዛ ለበዓሉ ከአምባ ጊዮርጊስ መጣች። የሺ በዚያ ዓመት ስምንተኛ ክፍልን ጨርሳ በቀበሌ መሠረተ ትምህርት የምታስተምር፣ ከእኔ አራት ዓመት የምታንስ፣ ሳቋ ከሩቅ የሚሰማ ልጅ ናት። ከጥምቀት በኋላ ባለው ሁለተኛ እሑድ ልትዳር ነው። ባልየው አስናቀ የሚባል የዚያው የአምባ ጊዮርጊስ ትምህርት ቤት መምህር ነው። ወደ ጥምቀተ ባሕሩ፣ ወደ ቀሐ፣ ስንወርድ የሴቱ ሁሉ ሹሩባ እንደ ጉድ ያምራል፤ የሺ ብቻ ሻሽ ጠምጥማለች። ሳቋም የለም።

ሰው ሲበዛ ከግንቡ ጥግ ጎትታ ወሰደችኝ። ግራ ቀኝ አይታ ሻሿን ገለጥ አደረገች። ከጆሮዋ በላይ እና ከማጅራቷ አካባቢ ሁለት ቦታ ፀጉሯ ተመልጦ ቆዳው እንደ እንቁላል ልሟል። ላሽ ነው። ነጭ ሽንኩርት አሽታበት እንደነበር፣ ከእናቷ በቀር ማንም እንደማያውቅ፣ አስናቀንም ፊት ለፊት ላለማግኘት መንገድ እየቀየረች እንደምትሄድ ነገረችኝ። የሙሽራ ሹሩባ የምትሠራዋ ሴት ከሠርጉ በፊት ባለው ቅዳሜ ትመጣለች፤ የዚያን ቀን አገር ይሰማል።

"ዳኙ፣ አንተ ዶክተር ነህ" አለችኝ። "አንድ ነገር አታጣም።"

አያችሁ፣ እዚያ ላይ አላውቅም ማለት ነበረብኝ። ሐኪሙን ልጠይቅልሽ ማለትም ይቻል ነበር። እኔ ግን ደረቴን ነፍቼ ስለ መዳቧ ተረክሁላት፤ ያረጀውን ወጣት የሚያደርግ አዲስ ግኝት መሆኑን፣ ጎንደር ላይ ከእኔ በቀር የሚያውቀው አለመኖሩን ጭምር። በዚያው ቀን ክሊኒክ ገብቼ ከሰማያዊው ድንጋይ ፈጭቼ ከቫዝሊን ጋር አሸሁና ባዶ የክሬም ቆርቆሮ ሞላሁ። በማግስቱ ለሚካኤል ስንወጣ ሰጠኋት። ጠዋትና ማታ አሸት አሸት እያደረገች እንድትቀባው አዘዝሁ። ማዘዝ ከጀመርሁ ደግሞ በዚያ ላይ ማቆም አልሆነልኝም።

"ቢያቃጥልሽ እንዳትደነግጪ" አልኋት። "ካቃጠለሽ እየሠራ ነው ማለት ነው።"

ሳምንቱን ሙሉ ደስ ብሎኝ ሰነበትሁ። በሚቀጥለው ሐሙስ አንድ ነጋዴ አራት ቦታ የታጠፈች ወረቀት አመጣልኝ። የየሺ ጽሕፈት ነው። "ዳኙ፣ ራሴ ቆስሏል። እያቃጠለኝ እየሠራ ነው ብዬ ታገሥሁ። አሁን መግል ያዘ። ለማንም አልተናገርሁም። ሹሩባ ሠሪዋ ቅዳሜ ትመጣለች። ና።"

ወረቀቷን ይዤ ሐኪሙ ክፍል ገባሁ። ሁሉንም ነገርሁት። ሳያቋርጥ ሰማኝና ስንት ግራም እንዳደረግሁበት ጠየቀኝ። በዓይኔ ገምቼ እንደሆነ ስነግረው መነጽሩን አውልቆ ዓይኑን አሸ።

"እኔ የነገርኋችሁ ሰውነት ራሱ አስሮ፣ አለዝቦ፣ በጣም በጥቂቱ የሚያዞረውን መዳብ ነው" አለኝ። "አንተ የቀባሃት ድንጋዩን ነው። ድንጋዩ ቆዳ ይበላል።"

ስለ ላሹ ጠየቅሁት። ላሽ ብዙ ጊዜ ዝም ሲሉት በራሱ ጊዜ የሚበቅል መሆኑን፣ ምንም ባልሰጣት ይሻላት እንደነበር ነገረኝ። አልጮኸብኝም፤ ቢጮህብኝ በወደድሁ። ጎዝ፣ ፋሻ፣ የቁስል ቅባት በጥቅል አስሮ ሰጠኝ። በፈላና በቀዘቀዘ የጨው ውሃ እንዴት እንደማጥብ አሳየኝ፤ ትኩሳት ካላት በዚያው ሰዓት ይዣት እንድመጣ አዘዘኝ። የአምስት ቀን ፈቃድም ፈረመልኝ። በሩ ላይ ስደርስ ጠራኝ።

"ለቤተሰቧ ያደረግኸውን ራስህ ትነግራቸዋለህ። ካልነገርሃቸው እኔ እነግራቸዋለሁ።"

ዓርብ ጠዋት ከቀበሌ የይለፍ ወረቀት አውጥቼ አውቶቡስ ተሳፈርሁ። በዚያን ጊዜ ወደ ሰሜን የሚወስደው መንገድ ኬላ የበዛበት ነው። ከከተማ ወጣ እንዳልን ወታደሮች አስወርደው ይፈትሹን ጀመር። አንዱ የእኔን ቦርሳ ሲከፍት ፋሻና ጎዝ ቦርሳውን ሞልቶ አየ። ፊቱ ተለወጠ። መድኃኒት ይዞ ወደ ሰሜን መሄድ በዚያ ዘመን ለአማፅያን ያቀብላል አሰኝቶ እንደሚያስጠረጥር የምታውቁ ታውቁታላችሁ። ከተሳፋሪው ነጥሎ አቆመኝ።

"ለማን ነው የምትወስደው?"

ለአክስቴ ልጅ አልሁት። ዶክተር መሆኔን ጠየቀኝ። አዎ እንዳልል መታወቂያዬ እጁ ላይ ነው። አይደለሁም አልሁ። ዶክተር ካልሆንህ ይህን ሁሉ ፋሻ ምን ልታደርገው ነው አለኝ። ከዚያ ወዲያ የሚያዋጣኝ ውሸት ጠፋኝ፤ እውነቱን ከላሹ ጀምሬ ዘረገፍሁት። ወታደሩ መጀመሪያ ቅንድቡን ሰበሰበ፤ ቫዝሊኑ ላይ ስደርስ ከንፈሩ መንቀጥቀጥ ጀመረ፤ "ካቃጠለሽ እየሠራ ነው" ያልሁት ላይ ስደርስ ሆዱን ይዞ ሳቀ። ጓደኞቹን ጠርቶ እንደገና ከመጀመሪያው አስነገረኝ። ሁለተኛውን ዙር ተሳፋሪው ሁሉ ከብቦ ሰማው። አንድ ሽማግሌ ድንጋዩ ስንት ጊዜ እንደተፈጨ ጠየቁኝ። ቦርሳዬን ራሱ ወታደሩ ዘግቶ፣ ለሙሽራዋ ምሕረት እንዲያወርድላት ተመኝቶ አሳለፈኝ።

ነፃ ወጣሁ ብዬ ወንበሬ ላይ ስቀመጥ አንድ ነገር ትዝ አለኝ። የዚያ አውቶቡስ ተሳፋሪ ግማሹ የአምባ ጊዮርጊስ ሰው ነው። ከፊቴ በርበሬ የጫነች ሴት ተቀምጣለች፤ እስከ መጨረሻው አንድ ቃል ሳትተነፍስ፣ ግን በየጊዜው ዘወር እያለች ፊቴን ታጠናኝ ነበር። ሙሽራ፣ የአክስት ልጅ፣ መሠረተ ትምህርት የምታስተምር ብያለሁ። ስም አልጠራሁም እንጂ ምንም አላስቀረሁም። አውቶቡሱ ሲቆም ሴትዮዋ በርበሬዋን እንኳ ሳታስወርድ ወርዳ ጠፋች።

እኔ ጥቅሌን ይዤ ቀስ እያልሁ ስደርስ የአክስቴ ባል አያ ተሰማ በራቸው ላይ ቆመው ይጠብቁኛል። ረጅም፣ ቀጭን፣ ድምፃቸው ሁልጊዜ ዝቅ ያለ ሰው ናቸው። ያ ዝቅ ያለ ድምፅ ያን ቀን ከጩኸት የባሰ ነበር።

"ዶክተር፣ መጣህ?"

"አያ፣ እኔ ዶክተር አይደለሁም።"

"እሱንማ አሁን ሰማሁ" አሉና ከበሩ ዞር አሉልኝ። "መጀመሪያ የእሷን ራስ እይ። ያንተን ራስ ኋላ አየዋለሁ።"

የሺ ጓዳ መደብ ላይ ተቀምጣለች። ስታየኝ አላለቀሰችም። ቁስሉን ቻልሁት፣ ወሬውን ግን እንዴት ልቻለው፣ ሳምንት ሙሉ የደበቅሁትን አንተ በአንድ አውቶቡስ አስነገርኸው አለችኝ። ሻሹን ሳነሳ ሁለቱም ቦታዎች ቆዳው ተልጦ ቀይ ሥጋ ሆኗል፤ ዙሪያው ያለው ፀጉር ከመግሉ ጋር ተጣብቋል። ትኩሳት ግን የላትም። ለማጠብ ፀጉሩ መቆረጥ እንዳለበት ስነግራት ትንሽ አሰበች።

"ዙሪያውን ቆርጠህ ሌላውን ልትተወው ነው? አይሆንም፣ ሁሉንም ላጨው።"

አክስቴ እዚያው መሬት ላይ ቁጭ አለች። በአገራችን ሴት የምትላጨው ለሐዘን ነው። "ሙሽራ ተላጭታ! ማን ሞቶባቸው ነው አይሉንም?" ብላ እንባዋ ወረደ።

"ማንም አልሞተም በያቸው" አለች የሺ።

ላጨኋት። በጨው ውሃ እያለሰለስሁ፣ አንድ ሰዓት ፈጀብኝ። ያ ሁሉ ፀጉር መሬት ላይ ሲወድቅ አንድም ጊዜ አላቃሰተችም። ቁስሉን ጠርጌ፣ ቀብቼ፣ ጎዝ ካደረግሁላት በኋላ አስናቀ እንዲጠራላት ጠየቀች። አያ ተሰማ ሙሽራ ከሠርጓ በፊት ለባሏ እንደማትታይ፣ ከአባቶቻቸው ጀምሮ እንዲህ ያለ ነገር ተሰምቶ እንደማያውቅ ተናገሩ።

"እሑድ ሻሼን ፈትቶ ከሚደነግጥ ዛሬ በቀን ይየኝ" አለቻቸው። "የማይሆን ከሆነም ዛሬ ይሁን። ድግሱ ገና አልተበላም።"

አባትየው ራሳቸው ሊጠሩት ወጡ።

አስናቀ ከክፍል በቀጥታ ነው የመጣው፤ የኮቱ እጅጌ ጠመኔ በጠመኔ ነው። ቀጭን፣ ዓይነ አፋር ሰው ነው። አክስቴ፣ አያ ተሰማና እኔ በግድግዳው ተደርድረን ቆመናል። የሺ ነጠላዋን አወረደች፣ ጎዙንም ራሷ አነሳችው። እኔ መሬት መሬቱን ማየት ጀመርሁ።

"ከጥምቀት በፊት ጀምረሽ የምትሸሺኝ ለዚህ ነው?" አላት።

"አዎ።"

አስናቀ መደቡ ጫፍ ላይ ተቀመጠ። "እኔ ሌላ ሰው አለ ብዬ ነበር" አለ። "ስታይኝ መንገድ ስትቀይሪ አስገድደዋት ነው አልሁ፤ ሳልወድሽ ቀርቼ አይደለም፣ ለሽማግሌዎቹ ሠርጉ ይቅር ልላቸው ነበር። ትናንት ደብዳቤውን ጽፌ ኪሴ ውስጥ ይዤዋለሁ።"

እውነትም ከኪሱ አወጣው። የሺ ወረቀቱን አየችው፣ እሱን አየችው፣ ከዚያ ያ ከሩቅ የሚሰማው ሳቋ መጣ። እሱም ፊቱን በሁለት እጁ ሸፍኖ ሳቀ። "አታስቀኝ፣ ያመኛል" ትለዋለች፣ እንደገና ትስቃለች። አክስቴ ልቅሶዋን ሳትጨርስ መሳቅ ጀመረች። አያ ተሰማ ብቻ አልሳቁም፤ ግን ፊታቸውን ወደ በሩ አዙረው ጋቢያቸውን ሲያስተካክሉ ብዙ ቆዩ።

አስናቀ ቁስሉ መቼ እንደሚድን፣ ፀጉሩስ ይመለስ እንደሆን ጠየቀኝ። ያለፈው ሳምንቱ ሰው ብሆን ኖሮ በሦስት ሳምንት እለው ነበር።

"ቁስሉ ይድናል" አልሁት። "ፀጉሩን ግን አላውቅም።"

እንዲህ ያለ ቃል ከአፌ ሲወጣ የመጀመሪያዬ ሳይሆን አይቀርም። አያ ተሰማ ዞረው አዩኝ፤ የዚያን ቀን ፊቴን በቅጡ ያዩት ያን ጊዜ ነው።

ሠርጉ በቀኑ ሆነ። ሹሩባ ሠሪዋ ቅዳሜ መጥታ የምትሠራው ፀጉር ብታጣ የሙሽራዋን ራስ በነጭ ሻሽ አሳምራ ጠመጠመችው፤ ነጠላው ከላዩ ሲወርድበት የሺ እውነቴን ነው የምላችሁ እንደዚያን ቀን ሸጋ ሆና አታውቅም። ወሬው ቀድሞ ስላለቀ የሚንሾካሾክ ሰው አልነበረም። ሁሉም አውቆታል፣ ሁሉም ስቆበታል። አዝማሪው ብቻ ድንኳን ውስጥ እኔን ፈልጎ አገኘኝና ፊቴ ቆመ፦

"ፀጉር አበቅላለሁ ብሎ አቃጠላት፣
የጎንደሩ ዶክተር መዳብ ቀብቶ ላካት።"

ድንኳኑ ሊፈርስ ደረሰ። ሙሽሮቹም ሲስቁ አየኋቸው። ሸለምሁት፤ ምን ላድርግ!

አያ ተሰማ የእኔን ራስ ያዩት ሰኞ ነው። የየሺን ቁስል በአዲሱ ቤቷ አጥቤ ስመለስ "ተነሥ፣ ገበያ እንውረድ" አሉኝ። ባለፉት ሁለት ዓመታት ዶክተር ዘመድ አለኝ ብለው የነገሩት ሰው ብዙ ነው። በየደረስንበት አንድ በአንድ እያቆሙ፣ በዚያ ዝቅ ባለ ድምፃቸው "ይሄ የሚስቴ ወንድም ልጅ ነው። ዶክተር አይደለም" ይሏቸዋል። በርበሬ ነጋዴዋ ጋ ስንደርስ "እኔማ አውቃለሁ" አለች። ከዚያ ሁሉ ሰው አንድ ሽማግሌ ብቻ ይህን ሰምተው አልሄዱም። እግራቸው ላይ ወራት የቆየ ቁስል አለ፤ ዶክተሩ ሲመጣ አሳያለሁ ብለው ሲጠብቁኝ ኖረዋል። አላውቀውም፣ የሚያውቅ ሰው ጋ ግን እወስድዎታለሁ አልኋቸው። ማክሰኞ በአንድ አውቶቡስ ጎንደር ገባን። ሐኪሙ እግራቸውን አየ፤ በሁለት ወር ውስጥ ዳኑ። ያዳንሁት እኔ ባልሆንም፣ ወደሚድኑበት ያደረስኋቸው ግን እኔ ነኝ፤ ያ ስሜት ከነጩ ጋውን የበለጠ ሞቀኝ።

ለሐኪሙ መማር እንደምፈልግ የነገርሁት በዚያው ሰሞን ነው። መጻሕፍቱን እየሰጠ፣ ምሳ ሰዓት እየጠየቀኝ፣ ፈተና እንድወስድ ጎተጎተኝ። ፋርማሲ የገባሁት ከዚያ ነው። ዕድሜዬን በሙሉ መድኃኒት ስመዝን ኖርሁ። በዓይኔ ገምቼ የሰጠሁት አንድም የለም።

የየሺ የተላጨው ፀጉር በጥቂት ሳምንታት ተመለሰ፤ የላሹ ግን ማቆጥቆጥ የጀመረው በሰኔ ነው። ላሹ የነበረበት ቦታ መጀመሪያ እንደ ጫጩት ላባ ነጭ ሆኖ ወጣ፣ ኋላ ጠቆረ። ሐኪሙ እንዳለው በራሱ ጊዜ ተመለሰ። የእኔ ቅባት ጠልቆ የበላው አንድ ጣት የሚያህል ስፍራ ግን እስከ ዛሬ ፀጉር አላበቀለም። ሹሩባዋን በዚያ በኩል አዙራ ትሠራዋለች፤ ካልነገሯችሁ አታዩትም። እሷና አስናቀ አራት ልጆች አሳደጉ፤ ሠርግ በተገናኘን ቁጥር ታሪኩን የምትናገረው እሷ ናት፣ ወታደሩንም ከእኔ አሳምራ ትስለዋለች።

እናንተ አንባቢዎቼ፣ ሰው ሲያምናችሁ ደስ ይላል፤ እኔም እወደዋለሁ። ግን አንድ ነገር ሳልነግራችሁ አላልፍም። ከብዙ ዓመት በኋላ የሺን ያን ያህል እያቃጠላት ለምን እንዳልጠረገችው ጠይቄያት ነበር። አንድ ሌሊት መቋቋም ሲያቅታት ተነሥታ ውሃ እንደቀዳች፣ ልታጥበው ራሷን ዝቅ እንዳደረገች፣ ከዚያ "ዳኙ እንዲህ ያለኝ አውቆ ነው" ብላ ውሃውን ደፍታ እንደተኛች ነገረችኝ። ይህን የነገረችኝ እየሳቀች ነው። እኔ ግን መሳቅ አልቻልሁም። ከዚያ ወዲህ ብዙ ሰው አምኖኝ መድኃኒት ተቀብሎኛል፤ ያን ያህል ያመነኝ ሰው ግን አላገኘሁም።